ሰሌዳ የሌለው ምሳ ቤት፤ በጨጓራ ታማሚ ሲመዘን

ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር፣ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ሽቅብ በሚወጣ የኮብልስቶን መንገድ ዳር፣ በሩ ላይ አንድም ጽሑፍ የሌለበት ምሳ ቤት አለ። ደንበኞቹ «እትዬ ቤት» ከማለት በቀር ሌላ ስም አያውቁለትም። ሰሌዳ ለምን እንዳላሰቀሉ ባለቤቷን አንድ ቀን ብጠይቃቸው «የሚያውቀኝ ራሱ ይመጣል፤ የማያውቀኝን ደግሞ የሚያውቀኝ ያመጣዋል» ብለው ወደ ጓዳቸው ገቡ። እኔንም ያመጣኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ያመጣኝ ምግቡ ይጣፍጣል ብሎ አልነበረም፤ በየዕለቱ አራት ሰዓት ላይ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጥግ ይዤ፣ እጄን ከእምብርቴ በላይ ጫን አድርጌ ስቀመጥ ማየት ሰልችቶት ነው።

እነሆ ከሦስት ወር በላይ፣ ከእሑድ በቀር በየቀኑ፣ ቁርስና ምሳዬን እዚያ በልቻለሁ። ስለዚህ የምጽፈው አንድ ቀን ቀምሶ እንደሄደ መንገደኛ ሳይሆን የወር ኮንትራት ከፍሎ እንደሚበላ ሰው ነው። የምመዝነውም በሁለት ሚዛን ነው። አንደኛው ምላሴ ነው፤ ሁለተኛው፣ ላለፉት ስድስት ዓመታት ከምላሴ በላይ ሥልጣን የያዘው ጨጓራዬ ነው።

ስለ ሁለተኛው ሚዛን ጥቂት ሳላስረዳ ብቀጥል ግምገማው ትርጉም አይኖረውም። እኛ ዘንድ «ጨጓራ» የአካሉም የበሽታውም ስም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ፊት ቀርቤ «ጨጓራ አለብኝ» ብል፣ ወጣቱ ሐኪም ፈገግ ብሎ «እሱማ ሁላችንም አለን መምህር፤ የእርስዎ ተቆጥቶ ነው» አለኝ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ትክክለኛ መግለጫ ነው። ጋስትራይተስ ማለት የጨጓራ የውስጥ ሽፋን መቆጣት ማለት ነው። ሽፋኑ ምግብ ለመፍጨት የሚመነጨውን ኃይለኛ አሲድ ችሎ የሚኖረው ራሱ በሚያመነጨው ንፍጥ መሰል ልባስ ተጠብቆ ስለሆነ፣ ልባሱ ሲሳሳ ወይም ሽፋኑ ሲጎዳ አሲዱ የገዛ ቤቱን ማቃጠል ይጀምራል። በእኔ ላይ የተገኘው ምክንያት ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነበር። በሰገራ ምርመራ ታወቀ፤ ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያና አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ለ14 ቀን ታዘዘልኝ፤ አንድም ቀን ሳልዘል ጨረስሁ። መድኃኒቱን ከጨረስሁ ከአንድ ወር በላይ ቆይቼ በድጋሚ ስመረመር ባክቴሪያው ጠፍቷል ተባልሁ። ቃጠሎው ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሐኪሙ በዚህኛው ቀጠሮ ቶሎ ብሎ መድኃኒት አልጻፈልኝም፤ ብዕሩን አስቀምጦ ቀኔን እንዴት እንደማሳልፍ ጠየቀኝ።

ቀኔ እንዲህ ነበር፦ ጠዋት ሳልቀምስ እወጣለሁ፤ አራት ሰዓት ላይ በባዶ ሆዴ አንድ ሲኒ ወፍራም ቡና እጠጣለሁ፤ ምሳ ሲገኝ ስምንት ሰዓት፣ ሳይገኝ አሥር ሰዓት እበላለሁ፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የቀኑን ሁሉ ዕዳ ባንድ ትሪ ከፍዬ ወዲያው እተኛለሁ። ሐኪሙ ይህን ሰምቶ ብዙ አልተናገረም። «ባክቴሪያው እኛን ይመለከታል፤ ይኼኛው እርስዎን» አለኝ። እንግዲህ ወደ እትዬ ቤት የሄድሁት ይህን ይዤ ነው።

ቤቱ የሚከፈተው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የደሴን ጠዋት የሚያውቅ ሰው፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው በዚያ ሰዓት የሚያስወጣ ነገር ብርቱ መሆን እንዳለበት ይረዳል። ያስወጣኝ የገብስ ቂንጬው ነው። ገብሱን ከኩታበር በኩል እንደሚያስመጡት እትዬ ይናገራሉ፤ ክኩ ደቀቅ ያለ ስላልሆነ ሲበስልም ፍሬው ይታያል። በሸክላ ጣባ፣ እንፋሎቱ ሳይወጣ፣ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ይቀርባል፤ በፍስክ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ቀስ እያለ ይቀልጣል፣ በጾም ቀን ደግሞ ጥቂት የኑግ ዘይት ይፈስበታል። መጠኑ አነስተኛ ነው፤ መጀመሪያ ሳየው «ይኼ ለልጅ ነው?» ብዬ ነበር። አሁን ግን የቤቱ ትልቁ ብልኃት የጣባው ማነስ እንደሆነ አምናለሁ። ጨጓራ የሚለጠጥ ከረጢት ነውና ባንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሲሞላ ይወጠራል፣ ይነፋል፣ አሲዱም ወደ ጉሮሮ ይገፋል፤ ይህን ሁሉ ከሐኪሙ ሰምቼዋለሁ፣ ያመንሁት ግን ከጣባው ነው። ከቂንጬው ሌላ የአጃ አጥሚትና በሶ አለ። አጥሚቱ ጥሩ ነው፤ በሶው ላይ ሚጥሚጣ ይጨምሩበታልና ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ምሳው ዘለግ ያለ ጽሑፍ ይገባዋል። በዚህ ቤት ሥጋ አይሠራም። ይህ ለቁጠባ ብቻ አይደለም፤ ወሎ ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ ሐዘኑንም ሠርጉንም ተካፍሎ ሲኖር የሚለያየው ሥጋው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሥጋውን ያነሣ ቤት አንድ መሶብ ዙሪያ ሁሉንም ያስቀምጣል። በዚሁ ከተማ የንጉሥ ሚካኤል ግብር ቤት «አይጠየፍ» ተብሎ መጠራቱን ሳስብ፣ ስሙ ለዚህች ጠባብ ቤትም ቢሆን የሚገባ ይመስለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሐይቅ ዓሣ ይመጣል፤ ዓሣ ደግሞ ማን ያዘው፣ ማን አረደው የሚያሰኝ ነገር የለውምና ለሁሉም ይሆናል። ለጨጓራም ይሆን ነበር፣ በዘይት እስኪደርቅ ባይጠበስ ኖሮ። አንድ ጊዜ በአልጫ ወጥ እንዲሠሩልኝ ለምኜ ሠርተውልኛል፤ ከበላኋቸው ምግቦች ሁሉ የበለጠው ያ ነበር፤ ሆኖም ዳግመኛ አልተሠራም። «ጠያቂ የለውም መምህር» አሉኝ።

በሌላው ቀን የሚቀርበው በየዓይነቱ ነው፦ ክክ አልጫ፣ ድንች በካሮት፣ ጎመን፣ ቀይ ስር፣ የምስር ቀይ ወጥ፣ ከጎኑም ሽሮ። አስተናጋጇ ልጅ ትሪውን ከማቅረቧ በፊት «ቀይ ነው አልጫ?» ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በከተማው ብዙ ምግብ ቤቶች ውስጥ አይጠየቅም፤ «ቃሪያ አይግባበት» ብዬ ያዘዝሁት አልጫ ስንግ ቃሪያ ተሰክቶበት የመጣባቸውን ቦታዎች መቁጠር አልችልም። እዚህ ግን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ልጅቷ ሳትጠይቀኝ ቃሪያውን ከትሪዬ አንሥታ ለባልደረባዬ ታስቀምጥለታለች።

እዚህ ላይ ግን ለበርበሬ ጠበቃ መቆም ግዴታዬ ይመስለኛል። እኛ ጨጓራ የታመመውን ሰው ሁሉ በበርበሬ እንከሰዋለን። በርበሬ ግን በሽታውን ይፈጥራል የሚል ማስረጃ የለም። ያደረገውማ ቢሆን፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቀይ ወጥ የሚበላ የሀገሬ ሰው ሁሉ በታመመ ነበር። በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ንጥረ ነገር የሚሠራው ሕመምና ሙቀትን የሚቀበሉ ነርቮችን በመቀስቀስ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የተቆጣ ጨጓራ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል፣ ደኅናው ላይ ግን ቁስል አይቆፍርም። እኔ አልጫ የምበላው ሕመሜ እስኪበርድ ነው። በሦስተኛው ወር የእትዬን የምስር ቀይ ወጥ በትንሹ ጀምሬ ምንም አልሆንሁም፤ የበርበሬው አዘገጃጀት የረጋ፣ ቁሌቱ በደንብ የበሰለና ሽንኩርቱ ያላረረ መሆኑም ሳይረዳ አልቀረም። በአንጻሩ ለብዙ ሰው ደኅና የሆነው ነገር እኔን ይበድለኛል፤ ይኸውም ከልክ በላይ የኮመጠጠ እንጀራ ነው። የቤቱ እንጀራ ሰርገኛ ጤፍ ነው፤ በየቀኑ ስለሚጋገርና ሊጡ ስለማይቆይ ጎምዛዛነቱ ልክ ነው። ሰኞ ሰኞ ግን፣ ምናልባት የቅዳሜው ሊጥ እየዋለ ሊሆን ይችላል፣ ይኮመጥጣል። ሰኞ ቂንጬውን ለምሳም እደግመዋለሁ።

ሌላው ጉድለት ዘይት ነው። የድንቹና የጎመኑ ዳር ዳር ዘይቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለእትዬ ይህ የልግስና ምልክት ነው፣ ደረቅ ወጥ ማቅረብ ንፉግ መባል ስለሆነ። ቅባት የበዛበት ምግብ ግን ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም፤ ከበላሁ ከሦስት ሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ምሳው ገና ደረቴ ሥር እንዳለ ይሰማኛል። ሽሮውም በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል። ማማሩ አያጠራጥርም፤ ሆኖም አምስት ደቂቃ መታገሥ የማይችል ሰው ምላሱንም ጉሮሮውንም ይፈጃል።

አሁን የዚህን ቤት ዋናውን ነገር ልናገር። ዋናው ምግቡ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ምሳ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው፤ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ የመጣ ሰው ሚኒስትርም ቢሆን አይበላም፣ ድስቱ ታጥቧል። በመጀመሪያው ሳምንት ዘግይቼ ሁለት ጊዜ ጾሜን ተመለስሁ፤ ተናድጄም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን የከፈልሁት ገንዘብ እንዳይባክን ስል ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መገኘት ለመድሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሐኪምም ሚስቴም ተናግረው ያላስለመዱኝን የእትዬ ድስት አስለመደኝ። ጨጓራ ምግብ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ሽታው ሲመጣና ስናስበው እንኳ፣ አሲድ ማመንጨት ይጀምራል። የተቆጣ ሽፋን ያለው ሰው ያን አሲድ በባዶ ቤት ማስተናገዱ ቃጠሎውን ያብስበታል። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ የጠዋቱ አራት ሰዓት ቁርጠቴ ሳላስተውለው ተረሳ፤ ያስታወሰኝም ባልደረባዬ ነው።

ሁለተኛው ስጦታቸው ጸጥታው ነው። ቴሌቪዥን የለም። መቀመጫው በግድግዳው ዙሪያ የተሠራ መደብ ነው፣ ቆዳ ተነጥፎበታል፤ ፊት ለፊትም ሰው እንጂ ስክሪን አይታይም። እትዬ ማንንም ቶሎ ጨርስና ተነሣ አይሉም፤ የሚቸኩለውን ግን ይገሥጻሉ። የግማሽ ዓመት ፈተና ሲታረም፣ አራት ክፍል ወረቀት ቦርሳዬን አጉብጦት፣ እንጀራውን ሳላኝክ ስውጥ አይተው «መምህር፣ አይሸሽም እኮ» አሉኝ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት ቃጠሎው ተመልሶ ነበር። ያው ቂንጬ፣ ያው አልጫ፣ ያው ሰዓት ነበር፤ የተለወጠው የእኔ ጭንቀት ብቻ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት የተራራቁ አባባሎች እሰማለሁ፤ አንደኛው «ጨጓራ ከንዴት ነው»፣ ሌላው «ጭንቀት ምን አገባው» የሚል ነው። የተረዳሁት በመሐል ነው። ከባድ ቃጠሎ የደረሰበት፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለ ሰው፣ አካሉ በደረሰበት ጫና ብቻ የጨጓራው ሽፋን ሊቆስል ይችላል። የዕለት ተዕለት ሐሳብ ግን በአብዛኛው በዚህ መንገድ ቁስል አያመጣም፤ አንጎልና ሆድ በነርቭ የተሳሰሩ ስለሆኑ የጨጓራውን እንቅስቃሴ ያዛባል፣ ትንሿን ቃጠሎ ትልቅ አድርጎ ያሰማል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አበላላችንን ያበላሻል። የተጨነቀ ሰው ወይ አይበላም፣ ወይ ቆሞ ይውጣል፣ ወይ ቡናና ሲጋራ ይደጋግማል። ሲጋራ ደግሞ የቆሰለ ጨጓራ ቶሎ እንዳይድን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። እትዬ ራሳቸው ጨጓራቸው የጀመራቸው በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ እንደሆነ ይናገራሉ። ጥቅምትና ኅዳርን ቤቱን ዘግተው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ቀን ከበሉ ማታውን እየዘለሉ አሳለፉ። ከጭንቀቱ ይሁን ከቆሎው፣ ወይስ ቀድሞ ውስጣቸው የነበረ ነገር ያኔ ተገልጦ፣ ማን ለይቶ ያውቃል? የቤቱን ሰዓት እንዲህ አጥብቀው የሚጠብቁት ግን ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ።

ስለ ቡናው። ከምሳ በፊት ቡና አይቀርብም፤ ይህን ደንብ ወድጄዋለሁ። ቡና የአሲድ መመንጨትን ይጨምራል፣ ቁስል ማምጣቱ ግን አልተረጋገጠም። ስለዚህ ነገሩ መቼና ምን ያህል ነው። ከምሳ በኋላ እጣኑ ይጨሳል፣ እትዬ ራሳቸው ይቀዳሉ፣ «ጀባ!» ይላሉ፤ ትልልቆቹ ሰዎች ይመርቃሉ። አቦሉ ከባድ ስለሆነ እኔ ቶናውን አሳልፌ በረካውን እጠብቃለሁ፤ መጀመሪያ ላይ አዛውንቶቹ «ይኼ ሰው ውሃ ሊጠጣ ነው የመጣው?» ብለው ቀልደውብኛል። በረካ ግን ስሙም ምርቃቱም ሙሉ ነው፣ አሲዱ ነው የጎደለው።

ከቡናው በኋላ አንዳንዱ ደንበኛ በቀጥታ ወደ በርጫ ይሄዳል። የቤቱ ጥፋት አይደለም፤ ሆኖም በዚያው መደብ ላይ ስለ ጨጓራቸው ሲያማርሩ የምሰማቸው አብዛኞቹ እነርሱ ስለሆኑ ማለፍ አልፈለግሁም። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ በምርቃና የዋለ ሰው እራቱን ይዘላል፣ ከጫቱ ጋር ለስላሳና ቡና ይደራርባል፣ ማታ ደግሞ ጨብሲ ብሎ አረቄ ይጨምርበታል። አልኮል የጨጓራን ሽፋን በቀጥታ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ነው። ሰውዬው ግን በማግሥቱ መጥቶ «የእትዬ ሽሮ አቃጠለኝ» ይላል።

አሁን በዚህ ቤት ያልወደድሁትን፣ ዝም ብዬ ማለፍም የማይገባኝን ነገር ልግለጽ። ከእጅ መታጠቢያው በላይ፣ በነጭ ወረቀት በትልልቅ ፊደል «የተልባ መጠጥ፤ ለጨጓራ ፍቱን መድኃኒት» የሚል ተለጥፏል። መጠጡ መጥፎ አይደለም፦ ተልባው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተጣርቶ በማር ይቀርባል፤ ልግ ልግ ያለው ፈሳሽ ሲወርድ ጉሮሮንም ሆድንም ያረሰርሳል፣ ለጥቂት ጊዜም ያበርዳል። እኔም ብዙ ጊዜ ጠጥቼዋለሁ። ነገር ግን ፍቱን መድኃኒት አይደለም። ኤች ፓይሎሪ በዙሪያው ያለውን አሲድ የሚያረክስ ኢንዛይም እያመነጨ በጨጓራ ልባስ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ ተልባ አያባርረውም፣ ወተትም አያባርረውም። ወተትማ ለጊዜው ያበርድና በኋላ ራሱ አሲድ ያስጨምራል።

ዓለም ራሱ ይህን ለመቀበል ዘግይቷል። ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ይህን ባክቴሪያ ከታማሚዎች ጨጓራ ወስደው ማብቀል ሲችሉ፣ የጨጓራ ቁስል ከጭንቀትና ከምግብ ነው ይሉ የነበሩ ብዙ ሐኪሞች አላመኗቸውም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ራሱ ጠጣውና ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ1994 ባክቴሪያውን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። የያዘው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ብዙው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞት ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ስሜቱ ያለበት ሰው ግን በተልባ ወር ከወር ሲገፋ፣ መመርመር የሚገባውን ጊዜ ይበላል።

ይህን የምለው በንድፈ ሐሳብ አይደለም። አንድ የማውቀው ሾፌር፣ ወገቡን ስለሚያመው ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዛ በየቀኑ ይውጣል፤ ሲያቃጥለው እዚህ መጥቶ ተልባ ይጠጣል፤ ሲበርድለት ተመልሶ ክኒኑን ይውጣል። በርበሬ ካቆመ ዓመት ሆኖታል፣ ክኒኑን ግን ማንም አልጠረጠረውም። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን ሕመምን በሚያስታግሡበት በዚያው መንገድ የጨጓራን ልባስ የሚያድሰውን የአካል ኬሚካል ስለሚቀንሱ ሽፋኑን ያራቁቱታል። ሰውየው ሰገራው እንደ ሬንጅ ሲጠቁርበት «የተልባው ቀለም ይሆናል» ብሎ ሦስት ቀን ቆየ፤ በአራተኛው ቀን ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ፤ ደም ተሰጠው። ሰገራውን ያጠቆረው ደም ነበር። ሰገራው የጠቆረበት፣ ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ያስመለሰው፣ ሳይፈልግ የከሳ፣ ምግብ መዋጥ የከበደው ሰው የእትዬ ቤት ደንበኛ መሆን ያለበት ከሐኪም ቤት መልስ ነው።

ይህን ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ። በጥሞና ሰሙኝ፤ ለሾፌሩም አዘኑ። «ወረቀቱን የለጠፈው የእህቴ ልጅ ነው፤ ማንበቡን እኔ የት ችዬ» አሉ። ምን እንደሚል አነበብሁላቸው። «ታዲያ ያረሰርሳል በልና ጻፍልኛ» አሉኝ። ጽፌ ሰጠኋቸው። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ የተለጠፈው ያው የድሮው ነው፤ የእኔ ወረቀት የስኳር ዕቃው ሥር መታጠፉን አይቻለሁ።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ስለዋሉ ቤቱ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ለወጠ፤ አንደኛው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለሚገድፉት፣ ሁለተኛው ከመግሪብ በኋላ ለሚያፈጥሩት። ለሁለቱም የሚቀርበው የአጃ ሾርባ ቀጠን ያለ፣ ጨው ያልበዛበትና በባዶ ሆድ የሚስማማ ነው። ሳምቡሳው ግን በዘይት የራሰ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ጨጓራ ላይ ቀድሞ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሸህ ደረታቸውን እያሻሹ አሳይተውኛል። ተምሩንና ሾርባውን አስቀድሞ፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ ሌላው መሄድ ይሻላል። ሕመሙ የበረታበትን ሰው ደግሞ ሁለቱም ሃይማኖቶች ያለ ልኩ ጹም አይሉትም፤ ይህን የንስሐ አባቱን ወይም ሸሁን መጠየቅ የእርሱ ፈንታ ነው።

የቀረው ቶሎ የሚነገር ነው። ንጽሕናው ደኅና ነው፤ ሳሙና ሁልጊዜ አለ፣ ውሃ በጠፋ ቀንም ልጅቷ በጆግ ታስታጥባለች፤ ብርጭቆዎቹ ግን አንዳንዴ የቅባት ጣት ይታይባቸዋል። ዋጋው በዙሪያው ካሉት ቤቶች አይበልጥም፣ የወር ኮንትራት ለሚከፍል ጥቂት ይቀንሳል፤ ያመለጠ ቀን ግን አይካካስም፣ ይህን ቀድሞ ማወቅ ይበጃል። መጸዳጃው ከጓሮ ነው፤ በክረምት ጭቃውን መሻገር ይጠይቃል። ተሸክሞ መሄድ ለሚፈልግ ፔስታል እንጂ ዕቃ የላቸውም፤ ምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ ነው።

ከአሥር ስጥ ብባል፣ ለቂንጬው ዘጠኝ፣ ለአልጫው ስምንት፣ ለዘይቱ አራት፣ ለወረቀቱ ዜሮ እሰጣለሁ። ለሰዓቱ ቁጥር አላገኘሁለትም። መሄድ የሚፈልግ ሰው ከስድስት ሰዓት ተኩል በፊት ቢደርስ ጎመኑን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቀይ ስሩ ነው። ዓርብ ምሳ የሚቀርበው ሰው ከጁምዓ ሲመለስ ነው፤ ሰኞ ደግሞ እንጀራው እንደሚኮመጥጥ ነግሬያለሁ።